የአይቲ ልጆቹ ምን ሠሩ? ላልከው መልስ አለኝ

ሰሞኑን ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዲጂታል ሥራ የጻፍከውን ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዱማ «አንተን ነው የሰደበህ» ብሎ ነው የላከው። ስሜን አልጠራህም፣ አታውቀኝምም። ግን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ 11 ዓመት የአይቲ ሥራ ሠርቻለሁ፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። ስለዚህ የጻፍከው ስለ እኔና ስለ ጓደኞቼ ነው። አንተ እያልኩ የምጽፈው በንቀት እንዳይመስልህ። በዕድሜ የምንቀራረብ መስሎኝ ነው፣ እንደ ወንድም ብንነጋገርም ይሻላል።

ጽሑፍህን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። የመንግሥት የአይቲ ሠራተኛ በ20 ዓመት ውስጥ የሚታይ ነገር አልሠራም ብለሃል። ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» እየተባለ የሚመለሰው በእነሱ ስንፍና ነው ብለሃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተሠርቶ ያለቀ ከውጭ ይገዛ፣ እነሱም ይቀነሱ ነው ሐሳብህ። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ሽልማትና የምስክር ወረቀት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ደሞዝ ይከፈላቸው የለ ወይ ብለሃል። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷልና አሮጌው መዝገብ ተጥሎ እንደ አዲስ ይጀመርም ብለሃል። መጨረሻ ላይ የልጅህን የልደት ምስክር ወረቀት ታሪክ አንሥተሃል። እሱ ላይ እውነትህን ነው፣ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ በተራ።

«የሚታይ ነገር የለም» ላልከው። የእኛ ሥራ ሲሳካ አይታይም። የሚታየው ሲበላሽ ነው። ይህ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

20 ዓመት ወደ ኋላ ከሄድክ አይቀር አብረን እንሂድ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወረዳኔት ሲዘረጋ ብዙ ወረዳ ላይ ስልክ እንኳን በቅጡ አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎች በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር ተገናኙ፣ በቪዲዮ ስብሰባ ማድረግ ተቻለ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔት መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግድግዳችን ላይ ፕላዝማ ተሰቅሎ ነበር። ያኔ ማን እንደሚያስኬደው አስቤ አላውቅም። በኋላ እዚህ ሥራ ስገባ ሳተላይት ዲሽ ተሸክመው ሲዞሩ ከከረሙት ሰዎች ጋር አብሬ ሠራሁ። መኪና በማይገባበት ወረዳ ዲሹን በአህያ ጭነው የወሰዱ ነበሩ። አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል። አንዳቸውም ስለዚህ ነገር ተጠይቀው አያውቁም።

አይቤክስን ደግሞ ማንም የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ብትጠይቀው ይነግርሃል። በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነው። የመንግሥት የሒሳብ ማሻሻያ ሲካሄድ ለእኛው ሀገር አሠራር ተብሎ የተሠራ፣ ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ የገባ። ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኋላ ኢፍሚስ ወደሚባለው የፋይናንስ አስተዳደር ሲስተም ቢዛወሩም፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ሒሳብ እየዘጉ የነጉ የፋይናንስና የአይቲ ሠራተኞች ቁጥር ስፍር የላቸውም። በዚያ ሰሞን ቤቱ የሚያድር የለም።

ግን እኔ ልነግርህ የምፈልገው ከእነዚህም ያነሰ የሚመስል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። ማሽኑን የእኛን ስም ማስለመድ።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ፋይል ከፍተህ ታውቃለህ? ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው አንድም የግዕዝ ፊደል አታይም። የላቲን ፊደል፣ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ፊደል፣ የማይገባ ምልክት፣ ይኸው ነው። ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር በሚሰጥበት መስፈርት፣ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የቃለ ጉባኤው፣ የውሳኔው፣ የሠራተኛ ማኅደሩ ሁሉ በእነዚያ ፎንቶች ነው የተጻፈው። አንዱ ፎንት ከሌላው ጋር አይስማማም። አንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ ነው የሚሠራው። እኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ይህን ፋይል ሁሉ ወደ ዩኒኮድ የቀየሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ በሠንጠረዥ እያወጡ፣ ፕሮግራም እየጻፉ፣ የተቀየረውን ከታተመው ጋር በዓይናቸው እያመሳከሩ። ዛሬ እዚያ ቤት አንድ የ1994 ውሳኔ ቢፈለግ በአንድ ቃል ተፈልጎ ይገኛል። እነሱ ባይሠሩት ኖሮ ያ ሁሉ ጽሑፍ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እያለ የጠፋ ነበር።

ሌላም አለ። አንዲት እናት ወደ መስኮቱ መጡ። ስማቸው ፀሐይ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ «ጸሀይ» ብላ ጻፈች፣ ፈለገች፣ አጣች። «እማማ፣ እዚህ የሉም» አለቻቸው። ሴትዮዋ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «አለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ።

እኔ ከኋላ ሌላ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነበር። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አስበው። «ፀ» በሁለት ዓይነት ይጻፋል። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በስድስት። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻውን በ12 መንገድ ይጻፋል ማለት ነው፣ ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው። ኃይለ ሥላሴን ብትወስድ ደግሞ ተቀጥሎና ተለያይቶ የሚጻፈውን ስትቆጥር 48 ይደርሳል። ለማሽኑ 48 የተለያየ ሰው ነው። ለእኛ አንድ ሰው።

አንዲት ልጅና አንድ ልጅ፣ ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ይህን ፈቱት። ስሙ እንደተጻፈው ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ከጎኑ ግን ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ወደ አንድ የተሰበሰቡበት ሌላ ቅጂ ይያዛል። ፍለጋው የሚካሄደው በሁለተኛው ላይ ነው። ባለጉዳዩ ግን የሚያየው ስሙን እሱ እንደሚጽፈው ነው። ይህ ለሪባን ቆረጣ አይሆንም፣ ፎቶም የለውም። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ መስኮት ላይ ስንት ፀሐይ፣ ስንት ኃይሉ፣ ስንት ሠናይት «የሉም» ሳይባሉ ቀሩ? የሚታይ ነገር ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ወደ «ሲስተም የለም» ልምጣ። ይህን ቃል እኔም እጠላዋለሁ። ከአንተ ይልቅ እጠላዋለሁ ብልህም አታምነኝ ይሆናል። ምክንያቱም ምንም አይናገርም። መብራት ጠፍቶም «ሲስተም የለም» ነው። ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨርሶም። ኮሪደሩ ላይ ያለው የኔትወርክ ስዊች ተቃጥሎም። የመንገድ ቁፋሮ የኔትወርኩን ገመድ፣ ፋይበሩን፣ ቆርጦትም። የእኛው ሰርቨር ደህና ሆኖ መረጃውን የምንጠይቀው የሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቨር አልመልስ ሲልም። ለባለጉዳዩ ሁሉም አንድ ቃል ነው፣ ስለዚህ ሁሉም የአይቲ ልጅ ጥፋት ይሆናል።

2016ን አስታውስ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መስመሩ ጠፋ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የተቆረጠበትን ቦታ ለማግኘት በእግሩ ከቢሮው ወጥቶ በቁፋሮው ዳር ዳር እየሄደ ገመዱን በዓይኑ ሲከተል ዋለ። አገኘው። ዶዘሩ ጥርስ ላይ ተንጠልጥሎ። የዚያን ቀን ወደ 200 ሰው ሳይስተናገድ ተመለሰ፣ አብዛኛው ሰው የአይቲ ክፍሉን ረግሞ ነው የሄደው። አልፈርድበትም። ከሰበታ ትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ሰው ስለ ፋይበር ማወቅ የለበትም። ግን አንተ ጸሐፊ ነህ። ጠይቀህ መጻፍ ትችል ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሲስተሙ እየሠራ «የለም» የሚል ሰውም አለ። አይቻለሁ። ሻይ ለመውጣት፣ ወይም ባለጉዳዩ በሌላ በኩል እንዲመጣ ለማድረግ። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ማንንም አልከላከልም። ብቻ ይህን አጋልጦ የሚያወጣውም ያው የአይቲ ክፍሉ ነው። ሲስተሙ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ፣ መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደተነሣ ይመዘግባል። «ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ሲስተም አልነበረም» ሲባል መዝገቡ ይወጣና ያልቆመ መሆኑ ይታያል። ባለጉዳይ ቅሬታ ሲያቀርብ ይህ መዝገብ እንዲታይ ይጠይቅ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ እንደሚችል አያውቅም። አንተ ብዙ ሰው ያነብሃል፣ ብትጽፈው ይጠቅማል።

ደግሞ ያልቆመባቸውን ቀናት ልንገርህ። የነበርንበት ሕንፃ ሊፈርስ ሆነና በአጭር ጊዜ ልቀቁ ተባልን። አገልግሎት ይቋረጥ ብንል ሰሚ የለም፣ እኛም አልፈለግንም። አርብ በ11፡30 ሥራ ሲያልቅ ሰርቨሮቹን ማጥፋት ጀመርን። እያንዳንዱ ገመድ ላይ ወረቀት እየለጠፍን ቁጥር ጻፍንበት። የትራስ ስፖንጅ ገዛን፣ አልበቃ ሲል ከየቤታችን ብርድ ልብስ አመጣን። አንዱ የእናቱን ጋቢ ይዞ መጣ፣ ትልቁ ሰርቨር በዚያ ጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሄደው። የተዋስናት ፒካፕ ላይ ሦስት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሰርቨሩን እንደ ሕፃን ደግፈው ይዘው፣ ሹፌሩን «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ፣ በሌሊት ከፒያሳ ወደ አዲሱ ቢሮ። የክፍላችን ኃላፊ ደግሞ ባክአፑን፣ የመረጃውን ቅጂ፣ በቦርሳዋ ይዛ በሌላ መኪና፣ በሌላ መንገድ ሄደች። መኪናው ቢገለበጥ ሁለቱም አብረው እንዳይጠፉ ብላ ነው። ቅዳሜ ስንገጣጥም ዋልን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመጣ ነበር፣ ሳይሄድ የቀረም ነበር። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ የመጀመሪያው ባለጉዳይ መጣ፣ ተስተናገደ፣ ሄደ። ምንም እንደተደረገ አላወቀም።

ያን ሰኞ ማንም «ሲስተም የለም» አልተባለም።

ሦስተኛው ነገርህ፣ ሁሉም ተሠርቶ ያለቀ ከውጭ ይገዛ የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚስማማበት ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስልህ። መግዛት ኃጢአት አይደለም። ኢፍሚስ እራሱ ኦራክል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ምርት ላይ የቆመ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አንዴ ከውጭ የመጣ የሰው ኃይል ሲስተም ፊት ተቀመጥኩ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው፣ ሳትሞላው አያሳልፍህም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። መዝጋቢዎቹ እዚያ ሳጥን ውስጥ የአያትን ስም መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ምን ሆነ? የአባትየው የመጨረሻ ስም አንድ፣ የልጁ የመጨረሻ ስም ሌላ። ሲስተሙ አባትና ልጅ ቤተሰብ አይደሉም አለ። ጡረታ የሚጠብቅ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዘመኑ ደግሞ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜ ላይ የተቀጠረ ሰው መስከረም ላይ ተመዘገበ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ያስተካከሉት እነማን ይመስሉሃል?

ከዚያም የከፋ አጋጥሞናል። የትኛው መሥሪያ ቤትና የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም። አንድ ፕሮጀክት አለቀ ተባለ፣ ርክክብ ተደረገ፣ ገንዘቡ ተከፈለ። የዋናው ሰርቨር የይለፍ ቃል ግን የነበረው ሀገሩ የተመለሰው ኢንጂነር ጋ ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ኮድም አልተሰጠንም፣ ውሉ ላይ አልተጻፈም። ከስድስት ወር በኋላ ሲስተሙ ሲበላሽ ሦስት ሳምንት በኢሜይል ስንለምን ቆየን። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። የምትገዛውን የሚረዳ፣ ውሉን ሲያነብ «የኮዱ ነገርስ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ርክክብ ላይ «እስቲ አጥፍተህ አስነሣው» የሚል የራስህ ሰው ከሌለህ መግዛትም አትችልም። ሠራተኞቹ ይቀነሱና ይገዛ ያልከው ለዚህ ነው የማይሆነው። ገዥውን ነው የምትቀንሰው።

ሀብታም ሀገርም ከዚህ አላመለጠም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲመጣ በአሜሪካ የሥራ አጥ ድጎማ የሚጠይቀው ሰው በአንድ ጊዜ ጎረፈ። የኒው ጀርሲ ግዛት ሲስተም ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ኮቦል በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ኮቦል የተነደፈው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የግዛቱ ገዥ ፊል መርፊ በአደባባይ ወጥተው ኮቦል የሚያውቅ ሰው በፈቃዱ መጥቶ እንዲረዳ ጠየቁ። ማሽኑ ነበራቸው፣ ገንዘቡም ነበራቸው። ያጡት ማሽኑን የሚያውቀውን ሰው ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ተተኪ አልተደረገለትም። እኛም ዛሬ ልጆቹን በደሞዝ ማነስ ለባንክ እየሰጠን ያለነው ነገር የዚያው መጀመሪያ ነው። እኔ ካሠለጠንኳቸው ስድስት ልጆች አራቱ ባንክ ናቸው። አልወቅሳቸውም።

ፋይዳን እንደ ምሳሌ አንሥተሃል፣ ከውጭ መጥቶ ነው የተሳካው ብለህ። እሱም በከፊል ነው። መሠረቱ ሞሲፕ የሚባል፣ ባንጋሎር ያለ የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋም የጀመረው ሶፍትዌር ነው። ግን ሞሲፕ ክፍት ነው፣ ኮዱን ማንም አይቶ፣ ወስዶ፣ ለራሱ እንዲመች አድርጎ ሊሠራበት ይችላል። ፊሊፒንስም ሞሮኮም ወስደውታል። ለእኛ ስምና ለእኛ ቋንቋዎች እንዲሆን፣ ከባንኩና ከየመሥሪያ ቤቱ ጋር እንዲነጋገር ያደረጉት እዚሁ ያሉ ልጆች ናቸው። ይህ «ገዝቶ መገጣጠም» አይባልም። በ2013 ቴሌብር ሲጀመር፣ በ2017 መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈትም ያየኸው ፊቱን ነው፣ ንጹሑን አዳራሽና ስልክህ ላይ ያለውን መተግበሪያ። ከኋላ ያለው ዋናው ሥራ እርስ በርስ ተነጋግረው የማያውቁ መሥሪያ ቤቶች መረጃ እንዲቀባበሉ ማድረግ ነው። እመነኝ፣ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚከብደው ሁለት ኃላፊዎችን አንድ ሰነድ ላይ ማስፈረም ነው።

ስለ ሽልማቱ ብዙ አልልም። «ደሞዝ ይከፈላቸዋል» ብለሃል። ለሐኪምም ይከፈለዋል፣ ለመምህርም ይከፈለዋል፣ ሲያመሰግኗቸው ግን ማንም አይከፋም። እዚያው አሜሪካ የግዛቶቹ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊዎች ብሔራዊ ማኅበር፣ ናሲዮ የሚባለው፣ በየዓመቱ የግዛት መንግሥታትን ፕሮጀክቶች በየዘርፉ አወዳድሮ ይሸልማል። እኔ የምወደው ዋንጫውን አይደለም። ተወዳዳሪው ችግሩ ምን ነበር፣ እንዴት ተፈታ፣ ምን ተለወጠ የሚለውን መጻፍ አለበት። አንዱ ግዛት የፈታውን ሌላው አንብቦ ይማርበታል። እኛ ጋ የፀሐይን ስም የፈቱት ሁለቱ ልጆች ሥራ የትም አልተጻፈም። አጠገባችን ያለ ሌላ መሥሪያ ቤት ያንኑ ችግር ለመፍታት ከዜሮ ጀምሮ ስምንት ወር ፈጀ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው የምንራራቀው። ባዶ የምስክር ወረቀት ይቅር ካልክ እስማማለሁ። የተሠራው ይጻፍ፣ የሠሪው ስም ከሥሩ ይቀመጥ።

አሮጌው መዝገብ ይጣል ያልከው ግን አስደንግጦኛል። የምትናገርበትን ነገር ገብተህ አይተኸው የምታውቅ አልመሰለኝም። ቢጫ የሆነ ወረቀት፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ አንዳንዱ በሐምሌ ዝናብ ርሶ የደረቀ። እሱ ውስጥ የቤት ውርስ አለ፣ ጋብቻ አለ፣ የሞተ ወንድም አለ። ፋይዳ ይህ ሰው ማን እንደሆነ በአሻራው፣ በዓይኑና በፊቱ ይነግርሃል። አያቱ ያወረሱትን ቤት አይነግርህም። መዝገብ ቤት ውስጥ 30 ዓመት የሠሩ እናት አሉ፣ ስካን የሚያደርጉት ልጆች አንድ ፊርማ የማን እንደሆነ ሲያጡ እሳቸውን ነው የሚጠሩት። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን ይይዙና «ይሄ የአቶ እገሌ ነው፣ እስከ 87 ነበር» ይላሉ። እሳቸውም የቴክኖሎጂ ሠራተኛ ናቸው፣ በእኔ እምነት።

አንድ ነገር ግን ልክ ብለሃል፣ እዚህ ላይ ጽሑፍህን አጨብጭቤለታለሁ። ዲጂታል መታወቂያ ይዞ ለሄደ ሰው «ኮፒውን አምጣ» ማለት ያሳፍራል። ሰውየው ቁጥሩን ይዟል፣ ከሲስተሙ ማረጋገጥ ይቻላል፣ እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት እንሰደዋለን። ሕጉ አላነሰንም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ፣ ቁጥር 1072፣ ከ2010 ጀምሮ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከ2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ከ2015። ለምን ታዲያ? ኦዲተር ሲመጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው የሚጠይቀው። መዝጋቢዋ ወረቀት ከሌላት ተጠያቂ ናት። ስለዚህ ራሷን ለመጠበቅ ኮፒ ትጠይቃለች፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። ይህ በሶፍትዌር አይፈታም። የየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ተከፍቶ «ማስረጃ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሆነ እንደገና መጻፍ አለበት። እኛ ደጋግመን አመልክተናል። አንተም ግፋበት፣ ድምፅህ ከእኛ ይበልጣል።

አሁን የልጅህ ነገር። የተወለደችው ጥቅምት 5 ቀን 2016 ነው፣ የምስክር ወረቀቷ ላይ የፈረንጁ ቀን ኦክቶበር 15 ተብሎ ተጻፈ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት ደግሞ ኦክቶበር 16 ይላል፣ ለቪዛ ስትሄዱ አይዛመድም ተባላችሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ «ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» ተባልክ።

ሆስፒታሉ ልክ ነው። ሲስተሙ ተሳስቷል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ቀን ሆነች፣ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው እንጂ በ11 አይደለም። ቀኑን የሚቀይረው ፕሮግራም ይህን ካላሰበ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ቀን 2016 ድረስ ያለውን ሁሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይጽፈዋል። ከየካቲት 22 በኋላ እንደገና ልክ ይሆናል፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹም በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ነበራቸው። ለዚህ ነው ስህተቱ ለብዙዎች ያልታየው።

ስለዚህ እንደገና ስትሄድ መስኮቱ ላይ አትቁም። የአይቲ ክፍሉን ጠይቅ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት አሳያቸው፣ ይህን አንቀጽም አሳያቸው። የልጅህን ወረቀት ብቻ በእጅ አስተካክለው እንዳይሰጡህ። ቀያሪው ፕሮግራም ይስተካከል በላቸው፣ በእነዚያ ወራት የተወለዱት ልጆች ሁሉ መዝገብም ተፈልጎ ይታረም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ ካለም ለብቻው ይታይ፣ ምናልባት ጭራሽ ሳይመዘገብ ተመልሶ ይሆናል። ሥራው ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው። እምቢ ካሉህ ጻፍልኝ፣ ፈቃድ ወስጄ ራሴ መጥቼ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።